በባለ ቱርቦ ሞተር ላይ የዘይት መያዣ ጣሳ ስለ መግጠም፤ በስሜን ደጋ መንገድ ለሚሠሩ መኪናዎች ያለው ጥቅምና አደጋ

፩. መነሻ

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንካበርና በጨነቅ በኩል ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ የሚዘልቀው መንገድ በቧሂት ተራራ ትከሻ ላይ ሲያልፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ራስ ደጀን ያለበት የበየዳ ወረዳ ጨውና ስኳሩን፥ የቤት ቆርቆሮውንና መድኃኒቱን የሚያገኘው እንዲህ ባለ መንገድ ነው፤ ገብሱም ወደ ገበያ የሚወጣው እንዲሁ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር አንድ መኪና ቆመ ሲባል ጉዳቱ በባለቤቱ ላይ ብቻ አይቀርም። ጭነቱን የሚጠብቅ ነጋዴም፥ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ በሽተኛም አብረው ይቆማሉ።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ በገና ዕረፍት ወደ አገሬ በሄድሁ ጊዜ ያየሁት ነገር ነው። የአጎቴ ልጅ ባለ ቱርቦ የናፍጣ ፒክአፕ ይነዳል። መኪናው ጧት ጧት ሰማያዊ ጭስ ያወጣ ጀመር፤ ዘይትም ይበላ ነበር። አንድ ጋራዥ ቱርቦው አልቋል ብሎ ስለ ነገረው ሁለት በሬ ሸጠና ሌላ ቱርቦ አስገጠመ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ጭሱ ተመልሶ መጣ። እኔም ኮፈኑን ከፍቼ ስመለከት ከሞተሩ ጎን የተንጠለጠለ አንድ የላስቲክ ዕቃ አየሁና፥ «አያ፥ ይህን ማን ገጠመልዎ?» ብዬ ጠየቅሁት። «የዘይት መያዣ ነው፤ ቱርቦውን ይጠብቃል ብለው ከዓመት በፊት የገጠሙልኝ ነው» አለኝ።

በማግሥቱ ፀሐይ ሳይወጣ ዕቃውን ፈታነው። በውስጡ የትራስ ስፖንጅ ታጭቆበታል፤ ስፖንጁ በዘይትና በውሃ ርሶ እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ ወደ ታች ተቆልምሞ የነበረውም ቱቦ በበረዶ ተደፍኗል። የሞተሩ ጋዝ መውጫ አልነበረውም ማለት ነው። የአጎቴ ልጅ በረዶውን በጣቱ እየነካ፥ «እንግዲያ ሁለቱን በሬ የበላው ይህ ነው?» አለ።

ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነው። የዘይት መያዣ ጣሳ ቱርቦን ይጠብቃል የሚሉት ሰዎች አልዋሹም፤ ዕቃው በዓለም ሁሉ የታወቀና ጥቅም ያለው ነው። ነገር ግን በትክክል ካልተገጠመ የሚጠብቀውን ነገር ራሱ ያጠፋዋል። በተለይ በስሜን ከፍታና ውርጭ ይህ እንዴት እንደሚሆን ከዚህ በታች ለማስረዳት እሞክራለሁ። የመካኒክነት ሙያ የለኝም፤ የፊዚክስ ተማሪ እንደ መሆኔ ነገሩን ከመሠረቱ አንሥቼ አብራራለሁ።

፪. ጋዙ ከወዴት ይመጣል?

በናፍጣ ሞተር ውስጥ ናፍጣው በሚቃጠልበት ቅጽበት በፒስተኑ ራስ ላይ የሚያርፈው ግፊት ከምንተነፍሰው አየር ግፊት ከ100 እጥፍ በላይ ነው። ይህን ግፊት የሚያግዱት በፒስተኑ ዙሪያ የተጠመጠሙት፥ መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛው ወስደው «ፋሻ» የሚሏቸው ቀለበቶች ናቸው። ፋሻ በሙቀት ሲለጠጥ እንዳይነክስ ጫፍና ጫፉ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ ትንሽ ክፍተት ይተውለታል። ስለዚህ ሞተሩ አዲስ ቢሆንም እንኳ ጥቂት ጋዝ ሁልጊዜ በፋሻዎቹ በኩል ሾልኮ ወደ ታች፥ ክራንክ ሻፍቱና ዘይቱ ወዳሉበት ክፍል ይወርዳል። ይህን ጋዝ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «የሞተር እስትንፋስ» እለዋለሁ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ክራንክ ሻፍቱ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ እየዞረ ዘይቱን ይበትነዋል፤ የተበተነውም ዘይት እንደ ጉም ሆኖ ይንሳፈፋል። እስትንፋሱ ወደ ውጭ ሲወጣ ይህን የዘይት ጉም ተሸክሞ ይሄዳል። መውጫ ካጣ ደግሞ ክዳኑ እንደ ተጣበቀ ማንቆርቆሪያ ግፊቱ ይጨምርና በደካማው ቦታ ይፈነዳል፤ የዘይት ማገጃው ጎማ ያፈሳል፥ ወይም የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ተስፈንጥሮ ይወጣል።

የጥንቶቹ ሞተሮች እስትንፋሳቸውን ወደ መሬት በተዘረጋ ቱቦ በኩል እንዲሁ ወደ ውጭ ይለቁት ነበር። ይህ አየሩን እንደሚበክል በታወቀ ጊዜ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ከእ.ኤ.አ. 1961 ሞዴል ጀምሮ አዳዲስ መኪናዎች እስትንፋሱን መልሰው ወደ ሞተሩ አስገብተው እንዲያቃጥሉት ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ይኸው አሠራር በዓለም ሁሉ ተለመደ። ስለዚህ ዛሬ በአብዛኞቹ ባለ ቱርቦ የናፍጣ መኪናዎች ላይ ከሞተሩ የላይኛው ክዳን የሚወጣ አንድ የጎማ ቱቦ በአየር ማጣሪያው (በፊልትሮው) እና በቱርቦው መካከል ካለው የአየር መግቢያ ጋር ተገናኝቶ እናያለን። የምንነጋገርበት ጣሳ የሚገባው በዚህ ቱቦ መካከል ነው።

፫. ቱርቦው የሚጨምረው ነገር

ቱርቦ ማለት የባለ እጅ ወናፍ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ወናፉን የሚያናፋው ሰው ሳይሆን የሞተሩ የራሱ ጭስ መሆኑ ነው። በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት ባለ ክንፍ መዘውሮች አሉ። አንዱን የሚወጣው ጭስ ያዞረዋል፤ ሁለተኛው አየር ጨቁኖ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1905 በፓተንት ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡሺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ነው። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊዞር ይችላል፤ በኩሽኔታው ውስጥ የሚንሳፈፈውም በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው።

ቱርቦ በሞተሩ እስትንፋስ ላይ ሦስት ነገር ያመጣል።

አንደኛ፥ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ስለሚበዛ የሚቃጠለውም ናፍጣ ይበዛል፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ በፋሻ በኩል የሚሾልከውም ጋዝ አብሮ ይጨምራል።

ሁለተኛ፥ የቱርቦው ኩሽኔታ ዘይት ወደ ሞተሩ የሚመለሰው በራሱ ክብደት ብቻ እየወረደ ነው፤ የሚገፋው ፖምፓ የለም። በታች ያለው የእስትንፋስ ግፊት ከፍ ካለ ዘይቱ መውረድ ያቅተውና በቱርቦው ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያም በዘንጉ ዳርና ዳር ባሉት ማገጃዎች በኩል ወደ አየሩ መግቢያና ወደ ጭሱ መውጫ ይፈስሳል። ሰማያዊ ጭስ ይታያል፤ ባለቤቱም ቱርቦው ተበላሽቷል ይላል። ቱርቦው ግን ደኅና ሆኖ መውረጃው ብቻ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በአጎቴ ልጅ መኪና ላይ የደረሰው ይኸው ነው። አዲስ የተገጠመውም ቱርቦ ተዘግቶ በቀረ መውረጃ ላይ ስለ ተቀመጠ ያንኑ በሽታ ደገመ።

ሦስተኛ፥ በአየር መግቢያ በኩል የሚመለሰው የዘይት ጉም በቱርቦው መዘውር አልፎ የጋለውን አየር ወደሚያበርደው ወደ ኢንተርኩለሩ ይገባል፤ በግድግዳውም ላይ ይለጠፋል። የለበሰው ዘይት ማቀዝቀዣው ሥራውን እንዳይሠራ ያደርጋል። ከጭሱ ጥቂቱን መልሰው በሚያቃጥሉት አዳዲስ ሞተሮች ላይ ደግሞ ዘይቱ ከጥላሸት ጋር ተለውሶ እንደ ሬንጅ ይጋገርና የአየሩን መተላለፊያ ያጠብበዋል። የዘይት መያዣው ጣሳ የሚከላከለው ይህን ሦስተኛውን ነገር ብቻ ነው። ሁለተኛውን ግን በስሕተት ከተገጠመ ራሱ ያመጣዋል። አንባቢ ይህን ልዩነት እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

በዚህ ረገድ መኪናዎቻችን ሁሉ አንድ ዐይነት አይደሉም። በገጠሩ ብዙ የሚታየው የላንድ ክሩዘር 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ ሞተር ከፋብሪካው ሲወጣ ቱርቦ የለውም። የሃይሉክስ 2.5 ሊትር 2ኬዲ ሞተርና የሲኖትራክ የጭነት መኪናዎች ግን ባለ ቱርቦ ናቸው። ባለ መኪናው አስቀድሞ የእርሱ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ይወቅ።

፬. ከፍታው የሚጨምረው ነገር

በባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ያህል ነው። ወደ 2,850 ሜትር ከፍ ባለችው በደባርቅ ወደ 71 ይወርዳል። በ4,200 ሜትር ደግሞ 60 ገደማ ይሆናል። የደጋ ሴት ባቄላው አልበስል ሲላት የምትማረረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በደባርቅ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነውና።

ቱርቦ የተፈለገው ገና ከጥንቱ ለእንዲህ ያለው ከፍታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ በኮሎራዶ ወደሚገኘው፥ 4,300 ሜትር ያህል ወደሚደርሰው ፓይክስ ፒክ ተራራ ወጣ። ይህ ከቧሂት ጫፍ ጥቂት ብቻ ዝቅ ያለ ነው። በዝቅተኛው ስፍራ 350 ያህል የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ወደ 230 ወርዶ ተገኘ፤ ቱርቦው በተገጠመለት ጊዜ ግን የቀድሞ ጉልበቱን መልሶ አገኘ።

እንግዲህ ትርፍ ያለ ዕዳ አይገኝም፤ የቱርቦው ትርፍም ሁለት ዕዳ አለበት።

የመጀመሪያው የቱርቦው ድካም ነው። ሞተሩ 180 ኪሎፓስካል አየር ይፈልጋል እንበል። በባሕር ጠረፍ ቱርቦው አየሩን 1.8 ጊዜ መጨቆን ይበቃዋል። በደባርቅ 2.5 ጊዜ፥ በቧሂት ትከሻ ደግሞ 3 ጊዜ መጨቆን አለበት። የተጨቆነ አየር ይግላል። ቱርቦው ከሚደክመው ውስጥ 70 በመቶው ለጥቅም ይውላል ብለን፥ የውጩ አየር 15 ዲግሪ ነው ብለን ብናሰላ፥ በ1.8 ጊዜ ጭቆና የሚወጣው አየር 90 ዲግሪ ገደማ ሲሆን በ3 ጊዜ ግን ከ160 ዲግሪ ያልፋል። በዚህ ሙቀት ውስጥ የሚያልፍ የዘይት ጉም ቀስ በቀስ ወደ ከሰል ይለወጣል። በኮምፒዩተር የሚመሩት አዳዲስ ሞተሮች ቱርቦው እንዳይጎዳ በከፍታ ላይ ጭቆናውን ይቀንሱለታል፤ ሆኖም ከቆላው ይልቅ መድከሙ አይቀርም።

ሁለተኛው ዕዳ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። በፋሻ በኩል የሚሾልከው ጋዝ መጠኑ የሚወሰነው በሲሊንደሩ ውስጥ ባለው ግፊት ነው። ቱርቦው ያንን ግፊት በከፍታም ላይ እንዳይወርድ ስለሚጠብቀው፥ በሚዛን ብንመዝነው የሾለከው ጋዝ እምብዛም አይቀንስም። ነገር ግን ወደ ውጭ ሲወጣ የሚጠብቀው አየር ሳስቷል። ያው ጋዝ በደባርቅ ከባሕር ጠረፍ 1.4 እጥፍ፥ በቧሂት ትከሻ 1.7 እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ቱቦው ግን ያው ቱቦ ነው። ስለዚህ እስትንፋሱ በፍጥነት ይሮጣል፤ የሚሮጥ ነፋስ ገለባውን ብቻ ሳይሆን ፍሬውንም እንደሚወስድ ሁሉ፥ ብዙና ትላልቅ የዘይት ነጠብጣብ ጠርጎ ይሄዳል። በቆላ ዘይት የማይበላ መኪና ወደ ስሜን ሲወጣ ዘይት በላ የሚባለው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ጠባብ ቱቦና የታጨቀ ጣሳም በቆላ ቢያዘግም እንኳ በደጋ ጨርሶ የሚያንቀው ስለዚህ ነው።

፭. ውሃና ውርጭ

የሞተር እስትንፋስ ዘይት ብቻ አይደለም። በናፍጣ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን ሲቃጠል ውሃ ይሆናል፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። አብዛኛው ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ጥቂቱ ግን በፋሻ በኩል ሾልኮ ከዘይቱ ጉም ጋር ይደባለቃል። ሞተሩ ረጅም መንገድ ሄዶ በደንብ ሲግል ይህ ውሃ ተንኖ ይጠፋል። አጭር መንገድ ብቻ ለሚመላለስና በብርድ ለሚያድር መኪና ግን በክዳኑ ሥር እንደ አሬራ የነጣ ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል።

በሳንካበርና በጨነቅ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ውርጭ ይወርዳል። በቱቦው ቁልምም ውስጥ የቆመ ውሃ ሌሊቱን ይረጋል። ሾፌሩ ጧት ሞተሩን አስነሥቶ፥ ተሳፋሪው ቸኩሏልና ወዲያው ዳገቱን ሲይዝ፥ እስትንፋሱ የተዘጋ በር ያገኛል። ከፋብሪካው የወጣው ቱቦ አጭርና ከሞተሩ ሙቀት አጠገብ ስለሆነ ይህ እምብዛም አያገኘውም። እኛ ግን ጣሳ ስንጨምር መንገዱን እናረዝመዋለን፥ ከሙቀቱም እናርቀዋለን። ለቆላ የተጻፈ መመሪያ እንደ ተጻፈ ቢሠራበት በስሜን የሚያሳስተው በዚህ ላይ ነው።

፮. ጣሳው እንዴት ይሠራል?

የጣሳው አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። አረቄ የምታወጣ ሴት እንፋሎቱን በመቃ አድርጋ ወደ ቀዝቃዛው ማሰሮ ትመራዋለች፤ በዚያም እንፋሎቱ በርዶ ይንጠባጠባል። በጣሳው ውስጥ ያለውም የውሃ እንፋሎት እንዲሁ ይሆናል።

የዘይቱ ነገር ግን ይለያል። የዘይት ጉም ቀድሞውኑ ፈሳሽ ነው፤ እጅግ ደቃቅ ነጠብጣብ ነው። ስለዚህ ከመብረድ ይልቅ የሚያስፈልገው ከአንድ ነገር ጋር መጋጨት ነው። በስሜን ጉም ውስጥ አንድ ሰዓት የሄደ ሰው ዝናም ሳይዘንብ ጋቢው ይርሳል። ነጠብጣቦቹ ከነፋሱ ጋር መታጠፍ አቅቷቸው ከክሩ ጋር ስለሚጋጩ፥ እርስ በርሳቸውም እየተያያዙ ስለሚወፍሩ ነው። በጣሳው ውስጥ ጋዙን የሚያጋጩ ብረቶችና ወፈር ያለ የማይዝግ ሽቦ መረብ የሚደረጉት ይህንኑ ለመሥራት ነው። ጋዙ በሰፊው ጣሳ ውስጥ ፍጥነቱን ይቀንሳል፥ ከብረቱ ጋር ይጋጫል፥ ዘይቱን ጥሎ ያልፋል። ባዶ ጣሳ ትልልቁን ነጠብጣብ ብቻ ይይዛል፤ ከመጠን በላይ የታጨቀ ጣሳ ደግሞ ጋዙንም ይይዛል። ጥበቡ በሁለቱ መካከል ነው።

፯. አገጣጠሙ

፩ኛ. ቦታው። ጣሳው በኮፈኑ ሥር ከነፋስ በተከለለ ቦታ ይቀመጥ፤ ከቱርቦውና ከጭስ ማውጫው ግን ይራቅ፤ በእነርሱ ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት እሳት ያነሣልና። ለቆላ መኪና ቀዝቃዛ ቦታ ይመረጣል፤ ለደጋ መኪና ግን ለብ ያለው ቦታ ይሻላል። ጥቂት ዘይት ቢያመልጥ ከበረዶ ይቀላል።

፪ኛ. ቱቦው። ዘይትና ሙቀት የሚችል፥ በመሳብ የማይጣበቅ ጎማ ይሁን። የውስጡ ስፋት ከፋብሪካው ቱቦ በምንም አይነስ። የጣሳው ቀዳዳዎችም እንዲሁ ናቸው፤ አንዲት ጠባብ ጉሮሮ ሰፊውን መንገድ ሁሉ ከንቱ ታደርገዋለች።

፫ኛ. ተዳፋቱ። ከሞተሩ የሚወጣው ቱቦ ሳያቋርጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘንብል፤ ወይ ወደ ሞተሩ፥ ወይ ወደ ጣሳው። በመካከል እንደ ወንዝ እልፍኝ የጎደጎደ ቦታ ካለ ውሃው እዚያ ቆሞ ይረጋል።

፬ኛ. የውስጡ መረብ። የድስት መፈግፈጊያ የሆነው ደቃቅ የብረት ሽቦ፥ ስፖንጅም ሆነ ጨርቅ አይግባበት። ሽቦው ተሰብሮ በደቂቃ 100,000 ጊዜ ወደሚዞረው መዘውር ቢሳብ መዘውሩን ይቆራርጠዋል፤ ስፖንጁም አብጦ ይደፍናል።

፭ኛ. መመለሻው። ከጣሳው የሚወጣው ቱቦ ተመልሶ በፊልትሮውና በቱርቦው መካከል ይግባ። አንዳንዶች ጋዙን ወደ ውጭ ለቀውት የአየር መግቢያውን ቀዳዳ ሳይደፍኑ ይተዉታል። በዚያ ቀዳዳ ያልተጣራ የመንገድ አቧራ ይገባል፤ አቧራውም ፋሻውንና መዘውሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በፋሸታ በደንብ ያልታሰረ ቱቦም ያንኑ ያመጣል።

፮ኛ. ማሰሪያው። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ቱቦው እንዳይበጠስ ጥቂት ላላ ይበል፤ ጣሳው ግን በብሎን ይጥበቅ። በሽቦ የተንጠለጠለ ጣሳ የኮረኮንቹን መንገድ አይችለውም።

፯ኛ. ማራገፊያው። ከግርጌው ቧንቧ ይኑረው፤ የዘይቱን ልክ የሚያሳይ ነገርም ይደረግለት። በበጋው ውርጭ ጊዜ መኪናው ቆሞ ከማደሩ በፊት በየማታው ይራገፍ።

የቤንዚን ሞተር ላለው ሰው አንድ ነገር ልጨምር። በቤንዚን ሞተር ላይ እስትንፋሱ ሁለት መንገድ አለው፤ አንደኛው ከቱርቦው በኋላ ካለው የአየር ማከፋፈያ ጋር ይገናኛል። በዚህ መንገድ ላይ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት ቫልቭ ከሌለ ቱርቦው የጨቆነው አየር ተመልሶ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል። ስለዚህ ጣሳ የሚጨምር ሰው ይህን ቫልቭ እንዳያወጣው ይጠንቀቅ።

፰. ከመግጠም በፊት ሞተሩን መመርመር

ጣሳው የታመመ ሞተር አያድንም። ፋሻው ያለቀ ሞተር ብዙ ስለሚተነፍስ ጣሳውን ቶሎ ይሞላዋል፤ ባለቤቱም ጣሳው ሥራውን ሠራ ብሎ ይደሰታል፤ በሽታው ግን ይቀጥላል። ስለዚህ አስቀድሞ ይመርመር።

ቀላሉ ምርመራ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቶ በአፉ ላይ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። ክዳኑ በጥቂቱ ቢንቀሳቀስ ምንም አይደለም፤ ተነሥቶ ቢወድቅ ወይም ጭስ እየተግተለተለ ቢወጣ ሞተሩ ወይ ፋሻው አልቋል፥ ወይ መተንፈሻው ተደፍኗል።

ከዚህ የተሻለው በትምህርት ቤት የተማርነው የውሃ ግፊት መለኪያ ነው። ሁለት ሜትር የሚያህል ጥርት ያለ የላስቲክ ቱቦ እንደ ማንገቻ ወደ ታች ታጥፎ ግማሹ ድረስ ውሃ ይሞላል፤ አንዱ ጫፍ የዘይት መለኪያው ዘንግ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ሳያፈስ ይገጠማል፤ ሌላው ጫፍ ክፍት ይተዋል። በሁለቱ ወገን ያለው የውሃ ልዩነት በሴንቲሜትር ሲለካ የእስትንፋሱ ግፊት ይታወቃል። እያንዳንዱ ሞተር የራሱ ወሰን አለው፤ በመጽሐፉ ውስጥም ይገኛል። ዋናው ጥቅም ግን ማነጻጸሩ ነው። ጣሳው ሳይገጠም አንድ ጊዜ፥ ከተገጠመ በኋላ በዚያው ዙር ሌላ ጊዜ ይለካ። ልዩነቱ ከጨመረ ጣሳው እያነቀ ነውና ይውጣ። በአጎቴ ልጅ መኪና ላይ በአሮጌው ጣሳ ስንለካ ውሃው ከቱቦው አፍ ሊፈስስ ደረሰ፤ ጣሳውን ስናወጣው ወዲያው ተመልሶ ወረደ። ለዚህ ምርመራ ያወጣነው ወጪ የቱቦው ዋጋ ብቻ ነበር።

፱. ሞተሩ አልጠፋም ባለ ጊዜ

በኢንተርኩለሩ ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት በድንገት ወደ ሞተሩ ቢሳብ ከሁሉ የከፋው ይደርሳል። የናፍጣ ሞተር የሚቃጠል ነገርና አየር ካገኘ የቁልፉን ፈቃድ አይጠይቅም። ዘይቱን እንደ ናፍጣ አድርጎ ያቃጥላል፤ ዙሩ ይጨምራል፤ ቁልፉ ቢዘጋም አይጠፋም። በዙሩም ብዛት ሊበታተን ይችላል። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ከ1,000 ሜትር በላይ በሚወርደው፥ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጠረቡት በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ይህ ቢደርስ ምን እንደሚሆን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ሾፌር ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው ይህ ነው። ካምቢዮው በእጅ የሚሠራ ከሆነ መኪናውን አቁሞ ፍሬኑን በኀይል ይዞ፥ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ሞተሩን ማነቅ ነው። በቁልቁለት ላይ መኪናው ገና እየሄደ ሳለ ግን ማርሹን ዜሮ አያድርገው። ይህ ካልሆነ የአየር መግቢያውን በጠንካራ ጣውላ መድፈን ይቻላል። በእጅ ወይም በጨርቅ ለመድፈን መሞከር ግን እጁንም ጨርቁንም ያስበላል። ሞተሩ በጣም ከጮኸ ሁሉን ትቶ ሰውን ማራቅ ነው።

፲. መደምደሚያ

ከጣሳው የሚራገፈው ውሃና ዘይት በጄሪካን ተጠራቅሞ ወደ ከተማ ይመለስ፤ በመንገድ ዳር አይደፋ። ከስሜን የሚወርዱት ወንዞች ወደ ተከዜ ይገባሉ፤ መንገዱም የሚያልፈው ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በመዘገበው ፓርክ ውስጥ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ናቸው ከተባሉት ቅርሶች ጋር ተቆጥሮ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። እዚያ ምንጭ የሚጠጣው ዋሊያ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ወገን ነው።

በጠቅላላው ከዚህ በላይ ያየነው ወደ አንድ ነገር ይመለሳል። ከፍታው የሞተሩን እስትንፋስ ያበዛዋል፥ ውርጩም መንገዱን ይዘጋበታል። ስለዚህ ለስሜን መኪና ጣሳ የሚገጥም ሰው ዘይቱን እንዴት እንደሚይዝ ከማሰቡ በፊት ጋዙን እንዴት እንደሚያሳልፍ ያስብ። ጣሳው ዘይት ባይዝ የሚደርሰው ጉዳት በዓመታት የሚታይ ነው፤ ጋዝ ባያሳልፍ ግን የሚደርሰው ጉዳት በአንድ ጧት ይታያል።

የአጎቴ ልጅ መኪና ዛሬ ከብረት የተሠራ ጣሳ አለው። ሰፊ ቱቦ፥ ከግርጌው ቧንቧ፥ በውስጡም ወፈር ያለ መረብ አለው፤ ከሞተሩም ለብታ ብዙ አይርቅም። ጭሱ ቆሟል። አሮጌውን ቱርቦ ግን ጥሎት ስለ ነበረ ደኅና እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር ለማረጋገጥ አልቻልንም። በሬዎቹም አልተመለሱም። የቴክኒክ ትምህርት ያላቸው መምህራንና ጓደኞቼ ይህን ጽሑፍ አንብበው ስሕተት ያገኙበት እንደ ሆነ ቢያርሙኝ ደስ ይለኛል። በጋራዥ የሚሠራ ዘመድ ያለውም አንባቢ የውሃውን ቱቦ ምርመራ ብቻ እንኳ ቢነግርልኝ የጻፍሁበት ዋና ምክንያት ተፈጸመ ማለት ነው።